የወላጅ ዕረፍት፣ የመጀመሪያው በዓልና የቀሩልን ዕቃዎች

ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ከተጀመረ በኋላ በየአጥቢያው ለምናገለግል ዲያቆናት ተደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። ጠያቂዎቹ በዓመቱ ውስጥ አባታቸው ወይም እናታቸው ያረፉባቸው ምእመናን ናቸው። ቤታችን በኀዘን ላይ ሳለ ገናን ማክበር ይገባናልን? ዳቦ መድፋቱ፣ ዶሮ መሥራቱ፣ ነጭ መልበሱ ያረፉትን መርሳት አይሆንብንምን? ይላሉ። ይህን ከጠየቁ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው የሚያነሡት ሌላ ጉዳይም አላቸው። የእናታቸው ነጠላ እንደ ታጠፈ በሣጥን አለ፤ የአባታቸው ዳዊትና መቋሚያ ከነበሩበት ጥግ አልተነሡም። ማን ይውሰዳቸው? እንጠቀምባቸው ወይስ ሳይነኩ ይቀመጡ?

ሁለቱ ጥያቄዎች በዓል ሲመጣ በአንድ ገበታ ላይ ይገናኛሉ። መሶቡ የእናት ነው፤ ዳቦው የሚቆረስበት ቢላዋ ሳይቀር አባት ሲይዘው የኖረ ነው። በዘወትር ቀን በመደርደሪያ ላይ ተረስቶ የነበረ ዕቃ በበዓል ዋዜማ ሲወጣ የቤቱን ሰው ሁሉ ያስለቅሳል። ስለዚህ ጉዳዮቹን ሳንለያይ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የሚያስተምሩንን እንመለከታለን።

በዓሉ ይከበራልን?

መልሱን አስቀድመን እንናገር፤ በዓሉ ይከበራል። የጌታችን ልደት ቤተ ሰቡ ደስ ሲለው የሚያደርገው፣ ሲከፋው የሚተወው ድግስ አይደለም። ኀዘንተኛው የሚጽናናበት ተስፋም የተገኘው ከበዓሉ ባለቤት ነው። አምላክ ሰው ባይሆን፣ ባይሞትና ባይነሣ ኖሮ በወላጆቻችን መቃብር ላይ የሚደርሰው ጸሎተ ፍትሐት ተስፋ የሚያደርገው ነገር ባልኖረው ነበር።

እንዲህ ስንል ዕንባ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ምእመናን የከለከላቸው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው (1ኛ ተሰ. 4፥13)፤ ማዘንን በጠቅላላው አልከለከለም። ከምርኮ የተመለሱት እስራኤል የቤተ መቅደሱን መሠረት በጣሉ ቀን የሆነውን ዕዝራ ጽፎልናል። የቀደመውን መቅደስ ያዩ ሽማግሌዎች ያለቅሱ ነበር፤ ሌሎቹ በደስታ ይጮኹ ነበር፤ የልቅሶውና የእልልታው ድምፅ እስከማይለይ ድረስ ተደባለቀ (ዕዝ. 3፥12-13)። በዚያ ሁሉ መካከል ሽማግሌዎቹን ዝም በሉ ያላቸው ሰው አልተጻፈም። ወላጅ በሌለበት የመጀመሪያው በዓል የቤታችን ድምፅም እንዲሁ ነው። በአንዱ ክፍል ሕፃናት ይጫወታሉ፤ በማድ ቤት ታላቂቱ እኅት ጀርባዋን ሰጥታ ታለቅሳለች።

ነህምያና ዕዝራ ያደረጉትም ሊታሰብ ይገባል። ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ ቀኑ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ መሆኑን ነገሯቸው፤ ሄደው እንዲበሉና እንዲጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻ እንዲልኩላቸው አዘዟቸው (ነህ. 8፥9-10)። ለሚያለቅስ ሰው የተሰጠው ትእዛዝ ለሌላው ማካፈል መሆኑን ልብ ይሏል። ጦቢትም በበዓል ቀን ገበታ ቀርቦለት ሳለ ድሀ ፈልጎ እንዲያመጣ ልጁን ቢልከው፣ ልጁ በገበያ ስለ ተጣለ የወገናቸው ሬሳ ነገረው። ጦቢት ምግቡን ሳይቀምስ ተነሥቶ ሬሳውን አነሣ፤ ተመልሶ ታጠበና እንጀራውን በኀዘን በላ (ጦቢት 2)። ኀዘን የገባበት በዓልም በዓል ነው፤ ጦቢት ገበታውን አልገለበጠም።

ቤተ ክርስቲያናችን ኀዘንን ያለ ሥርዓት አልተወችውም። ሙሴ ባረፈ ጊዜ እስራኤል 30 ቀን አልቅሰውለታል (ዘዳ. 34፥8)። ሲራክም ለሞተ ሰው ማልቀስ እንደሚገባ ከተናገረ በኋላ ኀዘኑ ያዘነውን ሰው እንዳይጎዳው መጽናናትን ይመክራል (ሲራ. 38፥16-23)። በእኛም ዘንድ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እየተቆጠሩ ጸሎትና መታሰቢያ ይደረጋል። ይህ ቆጠራ ለኀዘንተኛው ትልቅ ርዳታ ነው፤ የሚያለቅስበትን፣ የሚመጸውትበትንና የሚሰበሰብበትን ቀን ያውቃል።

ቆጠራው ከአጽዋማትና ከበዓላት ጋር ሲገጥም ግን ግራ የሚጋቡ ብዙዎች ናቸው። ለምሳሌ ጥቅምት 10 ቀን ያረፉ አባት ያረፉበትን ዕለት ጨምረን ስንቆጥር 40ኛ ቀናቸው ኅዳር 19 ይሆናል፤ ይህም በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። 80ኛው ቀን ደግሞ ታኅሣሥ 29፣ ማለትም በልደት በዓል ላይ ይውላል። በጾም የዋለው መታሰቢያ በጾም ምግብ ይደረጋል፤ ነዳያንን ለማብላት ሥጋ የግድ አያስፈልግም። በበዓል ላይ የዋለው ደግሞ እንዴትና መቼ እንደሚሆን ንስሐ አባትን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ረገድ የሰሙነ ሕማማትን ሥርዓት ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረሳል። ቤተ ክርስቲያን የልጆቿን ሞት ሳትረሳ የጌታዋን ነገር የምታስቀድመው በዚህ መልክ ነው።

ስለ ተዝካር ካነሣን አይቀር፣ ለእናት ክብር ተብሎ በብድር የሚደገስ፣ ጠግቦ የመጣውን ሰው ዳግመኛ የሚያጠግብና የቤቱን ልጆች ለዓመታት በዕዳ የሚያኖር ድግስ ለነፍስ ምን እንደሚጠቅም አይገባንም። ጌታችን ማንን መጋበዝ እንደሚገባን በግልጥ ነግሮናል (ሉቃ. 14፥12-14)።

ዓመት ሙሉ ጥቁር መልበስም ልማድ እንጂ ቤተ ክርስቲያን በምእመናን ላይ የጣለችው ግዴታ አይደለም። ልማዱን መጠበቅ የሚያጽናናው ሰው ቢጠብቀው አይነቀፍም። ነገር ግን በጥምቀት ታቦታቱ ሲወርዱ ጥቁር ለብሻለሁና አልወጣም ማለት አይገባም። የቀደሙት እናቶች ኀዘናቸውን በነጩ ነጠላ ላይ ያሳዩ ነበር፤ ነጠላውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ይለብሱታል። ያያቸው ሁሉ ኀዘንተኛ መሆናቸውን ያውቃል፤ እነርሱም ከነጭ ለባሹ ሕዝበ ክርስቲያን አልተለዩም።

ዳቦውን ማን ይቁረስ?

በብዙ ቤት የመጀመሪያው በዓል እጅግ የሚከብደው ከቅዳሴ መልስ፣ ገበታው ቀርቦ ሁሉም በተቀመጠ ጊዜ ነው። አባት ተነሥተው አቡነ ዘበሰማያት የሚደግሙበት፣ ድፎውን ባርከው የሚቆርሱበት ሰዓት ይደርሳል፤ የተቀመጠው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ይህ ነገር በዚያች ሰዓት ተነሥቶ ቤቱን እንዳያሳቅቅ ከዋዜማው ቢወሰን መልካም ነው። እናት በሕይወት ካሉ እርሳቸው የሚሉት ይሁን። ጦቢት ለልጁ ኑዛዜ ሲሰጥ እናቱን እንዲያከብር አዝዞታል (ጦቢት 4፥3-4)። ንስሐ አባት ወይም አረጋዊ ጎረቤት ቢጠሩና ቢባርኩም ጥሩ ነው። ተራው ለታላቅ ልጅ ከደረሰ ደግሞ የአባቱን ድምፅና አነጋገር ለመምሰል መጨነቅ የለበትም። ጸሎቱ አንድ ነው፤ የሚባርከውም እግዚአብሔር ነው።

ያረፉት እናት ሲሆኑ ፈተናው ወደ ማድ ቤት ይዞራል። ወጡ የእናቴን አልመሰለልኝም ብላ በበዓል ቀን ስትብሰለሰል የምትውል ልጅ ጥቂት አይደለችም። በባህላችን የልቅሶውም የማድ ቤቱም ሸክም በሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ወንዶቹ ልጆች ይህን ተመልክተው በዋዜማው ሽንኩርቱን ቢልጡ፣ ለእናታቸው ነፍስ ብለው ከሚያወጡት ገንዘብ የሚያንስ ምጽዋት አይሆንም።

በገበታው ላይ የጎደለው ሰው ድርሻ ምን ይሁን? በዚህ ዓመት አንድ ሳህን፣ አንድ እንጀራ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ በወላጅ ስም ከቤት ይውጣ። አጠገባችን ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያን አሉ፤ ከሀገራቸው ርቀው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚማሩ የአብነት ተማሪዎች አሉ። ነህምያ እንዲላክ ያዘዘው ድርሻ ይህ ነው። ሕፃናቱ ሳህኑን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ አያታቸውን በልቅሶ ብቻ ሳይሆን በመስጠት ያስቧቸዋል።

የጎረቤትና የዘመድ ግዴታም አለ። ለቅሶ ደርሰናል ብለን የመጀመሪያውን በዓል መዘንጋት የለብንም። ስንሄድም በቃ አታልቅሱ ማለትን እናቆይ፤ ያረፉትን በስማቸው እየጠራን፣ ያደረጉትን በጎ ነገር እያነሣን አብረን ቡና እንጠጣ።

የእመቤታችን ሰበን

ከገናና ከጥምቀት ቀጥሎ፣ ጥር 21 ቀን፣ አስተርእዮ ማርያም ይከበራል። ይህ በዓል የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ዕረፍት የሚታሰብበት ነው። በዘመነ አስተርእዮ ደስታ መካከል ቤተ ክርስቲያን የጌታዋን እናት ዕረፍት እንደምታስብ ያወቀ ኀዘንተኛ፣ በዓሉ ለእርሱ ባዕድ እንዳልሆነ ይረዳል።

ከእመቤታችን ዕረፍትና ዕርገት ጋር ተያይዞ የሚነገረው የሰበኗ ታሪክ ለያዝነው ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አለው። ቅዱስ ቶማስ ከሀገረ ስብከቱ በደመና ሲመለስ እመቤታችን ስታርግ አገኛት፤ ለምልክትም ሰበኗን ሰጠችው። ሐዋርያት መቃብሯን ከፍተው ሥጋዋን ባጡ ጊዜ ቶማስ ያየውን ነገራቸው፤ ሰበኑንም አሳያቸው። እነርሱም ለበረከት ተካፈሉት፤ ወደየሀገረ ስብከታቸው ይዘውት ሄደውም ድውያንን ፈወሱበት። ዛሬ ካህናት በእጅ መስቀላቸው ላይ የሚያስሩት መሐረብ የዚህ ሰበን ምሳሌ እንደ ሆነ መምህራን ያስተምራሉ።

የወላጆቻችንን ልብስ ከእመቤታችን ሰበን ጋር ማስተካከላችን አይደለም። ከእናት የቀረን ነገር እንዴት መካፈል እንደሚገባ ግን ከሐዋርያት እንማራለን። አንዱ ሁሉን አልወሰደም። በመቃብሩ ውስጥም አልተዉትም። እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ወደ ሥራው ሄደ፤ ሰበኑም በሄደበት ሁሉ ሰው ጠቀመ። በአንጻሩ ወታደሮች በመስቀሉ ሥር የጌታችንን ልብስ ተካፍለዋል፤ በቀሚሱም ላይ ዕጣ ተጣጥለዋል (ዮሐ. 19፥23-24)፤ ባለቤቱን ግን ቀና ብለው አላዩትም። የእናታቸው ዐርባ ሳይወጣ ስለ ወርቅና ስለ ቤት የሚካሰሱ ወንድማማችና እኅትማማች የየትኞቹን አካፋፈል እንደ መረጡ ራሳቸውን ይመርምሩ።

በሐዋርያት ሥራም ጣቢታ ባረፈች ጊዜ መበለቶች በቅዱስ ጴጥሮስ ዙሪያ ቆመው እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ አሳይተውታል (ሐዋ. 9፥39)። ልብሱ ምስክር ነበር፤ ባለቤቷ በሕይወቷ ለማን እንደ ደከመች ያሳያል። ቅዱስ ጳውሎስም የዕረፍቱ ጊዜ በቀረበበት ወራት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም የብራናዎቹን እንዲያመጣለት ጠይቋል (2ኛ ጢሞ. 4፥13)። ታላቁ ሐዋርያ ከዚህ ዓለም ሊለይ ሲል ያስፈለጉት የሚለበስ ነገርና የሚነበብ ነገር ነበሩ። የብዙዎቻችን ወላጆች የተዉትም ከዚህ አይርቅም፤ አንድ ጋቢ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ዳዊት።

የቀሩት ዕቃዎች ምን ይሁኑ?

ከጸሎት መጻሕፍት እንጀምር። ጠርዙ በጣት ያለቀ፣ የጧፍ ሰም የነጠበበት፣ በሽፋኑ ውስጥ የልጆች ልደት የተጻፈበት ዳዊት ወይም ውዳሴ ማርያም ከወርቅ ይበልጣል። የሚገባውም ለሚጸልይበት ልጅ ነው። ታላቅነት ወይም ወንድነት በዚህ ቦታ አይሠራም። ልጆቹ ብዙ ሆነው ሁሉም ቢፈልጉት አንድ መንገድ አለ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ልጆቹ ቀናቱን ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው በያሉበት የደረሳቸውን ዕለት ቢያደርሱ የእናታቸው ጸሎት ሳምንቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ መጽሐፉ በአንዱ ቤት ቢቀመጥም ማንም አይቀየምም።

የአባት መቋሚያ በግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አልተሠራም። በገና ሌሊት ማኅሌት ሲቆም በእጅ ቢያዝ፣ ወይም ለሌለው የአብነት ተማሪ ቢሰጥ ሥራውን ይቀጥላል። ሥዕለ አድኅኖው የተከበረ ቦታ ይሰጠው፤ ከጌጣጌጥና ከቤት ዕቃ ጋር ተደባልቆ በጓዳ አይጣል።

ልብስን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያፍርበትን ነገር እናንሣ። የእናታቸው ጠረን እንዳይጠፋ ነጠላዋን ሳያጥቡ የሚያስቀምጡ አሉ። ይህ የልጅ ፍቅር ነው፤ ማንም ሊስቅባቸው አይገባም። አንዱን ያስቀምጡ፤ የቀረውን ግን ብል ሳይበላው ይልበሱት ወይም ለሚለብሰው ይስጡት። የእናቷን ጥለት ለብሳ በጥምቀት ከታቦቱ ኋላ የምትሄድ ልጅ እናቷ በየዓመቱ በሄደችበት መንገድ ላይ ናት። መሶቡ፣ ጀበናው፣ ረከቦቱና ሲኒዎቹም እንዲሁ ናቸው። ሲኒ ቢሰበር ይሰበራል፤ እንግዳ የተስተናገደበት ሆኖ ቢሰበር በሣጥን ተቆልፎ ከሚኖር ይሻላል።

ብዙዎች የማያስቡት፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚከብደው ውርስ በእጅ የማይያዘው ነው። እናት የቅዱስ ሚካኤል ወይም የእመቤታችን ጽዋ ማኅበርተኛ ከነበሩ ቦታቸውን ማን ይተካል? ልማዳችን ልጅ እንዲተካ ነው። በዚህ ወራት ኅዳር 12 ቅዱስ ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል በተከታታይ ይውላሉ፤ ማኅበርተኞቹ ሲሰበሰቡ የጎደለውን ሰው ያያሉ። ልጆች ይህን የአሮጊቶች ነገር ነው ብለው ሲተዉት ወላጆቻቸው 30 እና 40 ዓመት ያቆዩት ኅብረት በአንድ ቀን ይቋረጣል። ለልደቱ ወይም ለገብርኤል ዝክር የሚያደርግ ቤትም እንዲሁ ነው። የአቅም ማነስ ቢኖር ዝክሩን አሳንሶ፣ በአንድ ዳቦና በጥቂት ነዳያን መቀጠል ይቻላል። ወላጅ ተስለው ያላደረሱት ስእለት ካለ ደግሞ ልጆቹ ብቻቸውን ከመጨነቅ ወይም ጨርሶ ከመርሳት ይልቅ ለንስሐ አባት ይንገሩ፤ አድርጉ የተባሉትንም ያድርጉ።

ሁሉም የቀረ ነገር ግን ይወረሳል ማለት አይደለም። በአንዳንድ ቤት ሣጥኑ ሲከፈት ጨሌ፣ የዛር ነው የተባለ ቀለበት፣ ለአድባር ቡና የሚፈስበት ሲኒ፣ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ክታብ ይገኛል። ይህ ሲሆን ዘመድ መካከል ገብቶ፣ ከእናትሽ የወረደብሽ ነው፣ ብትተዪው ልጆችሽን ይነካብሻል እያለ ወጣቷን ያስፈራራል። እኛ በተጠመቅን ጊዜ ወደ ምዕራብ ዞረን ሰይጣንን ክደናል፤ ወደ ምሥራቅ ዞረን በሥላሴ አምነናል። በዚያ ክሕደት የተቋረጠ ነገር በውርስ ሊመለስ አይችልም። በበዓል ዋዜማ ቡና አፍልታ፣ ፈንዲሻ በትና ይህን የምትቀጥል እኅት በዓሉን ለሁለት ጌቶች እያከበረች ነው። ንስሐ አባትን ጠርቶ ጸሎት ማስደረግ፣ ጸበል ማስረጨት፣ ዕቃውንም አሳልፎ መስጠት ነው መንገዱ። ያረፉትን እናት በዚህ ምክንያት ማማት ግን አይገባም፤ በፍርሃት ኖረው ይሆናል፤ ከእኛ የሚፈልጉት ጸሎት ነው።

የቤተ ክርስቲያን የሆነ ነገርም የቤተ ሰብ ቅርስ አይሆንም። በችግር ዘመን ለጥበቃ ተብሎ በምእመን ቤት የተቀመጠ የብራና መጽሐፍ፣ የመጾር መስቀል፣ ጽንሐሕ ወይም ሌላ ንዋየ ቅድሳት አደራ ነው። አደራ ተቀባዩ ሲያርፉ አደራው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ጽላት ደግሞ በምእመናን ቤት ሊቀመጥ ቀርቶ በእጃቸው ሊነካ የማይገባ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ቤተ ሰብ ሳይነካው ወዲያው ለደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ለሀገረ ስብከቱ ያሳውቅ። በብራና መጻሕፍት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሰጪው ስምና የደብሩ ስም፣ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃልም ስለሚገኝ የመጽሐፉን ባለቤት ማወቅ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። በዓል ሲቀርብ ገንዘብ ያጠራቸው ልጆች ዘንድ በሦስተኛ ሰው በኩል የሚመጡ ገዢዎች አሉ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን እንኳ ብንተወው፣ አባት በአደራ የያዙትን ሸጦ በዋጋው ለአባት ተዝካር ማውጣት እጅግ ያሳዝናል።

የተቀረው ንብረት ሲከፋፈል ቀኑ በዓል ባይሆን ይመረጣል። ሁሉም ተሰብስቧልና እግረ መንገዳችንን እንጨርሰው የሚለው አሳብ የገናን ገበታ ወደ ሸንጎ ሲለውጠው ታይቷል። ርስትን ከእኔ ጋር እንዲካፈል ለወንድሜ ንገረው ላለው ሰው ጌታችን የመለሰለት ስለ መጎምጀት የሚያስጠነቅቅ ቃል ነበር (ሉቃ. 12፥13-15)። ከዐርባው ወይም ከሰማንያው በኋላ አንድ ተራ ቀን ተመርጦ፣ ንስሐ አባትና አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ዋጋ ያለው ንብረት ለብቻው፣ የመታሰቢያ ዕቃ ለብቻው ሆኖ ቢታይ ጠቡ ይቀንሳል። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ እንኳ አልሰጥም ያለው ዋጋው ስላነሰበት አልነበረም (1ኛ ነገ. 21፥3)። ለአንዱ ልጅ ከንቱ የሆነ የተሸራረፈ ጀበና ለሌላው እንዲህ ያለ ርስት ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠየቅ አይጣል።

በስደት ያሉት እንዳይረሱ አደራ እንላለን። በዐረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት የእናቷን ዕረፍት በስልክ ሰምታ፣ ቀብሯ ላይ ሳትቆም፣ ልደትን በሥራ ላይ ሆና ታሳልፋለች። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትም ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀናቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ከቀብሩም ከዐርባውም ስለ ተለዩ ኀዘናቸው አልወጣላቸውም። በሀገር ያሉት ወንድሞችና እኅቶች ለተዝካሩ ገንዘብ ላኩ ከማለት አልፈው፣ መንገደኛ ሲያገኙ እናት የለበሱትን ነጠላ ወይም የያዙትን መቁጠሪያ ይላኩላቸው። በገና ዋዜማ ስልክ ሲደወልም ገበታውን ብቻ ከማሳየት ይልቅ ውዳሴ ማርያሙን አብረው ያድርሱ፤ የሰዓቱ ልዩነት ለዚህ አያግድም።

ከበዓሉ በፊት መጠናቀቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ የወላጆቻቸውን የክርስትና ስም የማያውቁ ልጆች ግን ብዙ ናቸው። የሚያውቁ አክስት፣ የክርስትና እናት ወይም ንስሐ አባት በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። ስሙ ከተገኘ በኋላ ያረፉበት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ታክሎበት በዚያው በወላጅ ዳዊት የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፍ። በትንሽ ወረቀት ተገልብጦም፣ ከጧፍ፣ ከዕጣንና ከመገበሪያ ጋር፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ከማኅሌቱ አስቀድሞ ለካህኑ ይሰጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።